ደም ለምርመራ ሲሰጡ፦ ምን ማየት፣ ምን መናገር፣ ከዚያስ ምን ማድረግ

አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ላቦራቶሪውን ልንዘጋ ስንል፣ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ደም የምቀዳ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በአገራችን ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ከቦርሳዋ የተቋጠረ ፌስታል አውጥታ ፈታችው። ውስጡ ደም የነካው ጥጥ ነበረ። በዚያው ቀን ጠዋት ሌላ ቦታ ደም ሰጥታለች። የቀዳላት ልጅ ጓንት አላደረገም፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የደረቀ ደም አይታለች፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ጥጡን ያስቀመጠችው «ምናልባት ተመርምሮ በሽታ ይኑርበት አይኑርበት ይታወቅ እንደሆነ» ብላ ነው።

ወንበር ሰጥቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «መርፌውን ከማሸጊያው ሲያወጣው አይተሽዋል?» ዓይኗን ጨፍና አሰበች። «አዎ። ወረቀቱ ሲቀደድ አይቻለሁ። ቀጭ ሲልም ሰምቻለሁ።» ከዚያ በኋላ የነገርኋትን፣ እንዲሁም ደም ልትሰጥ ከመሄዷ በፊት የሚነግራት ሰው አግኝታ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በጭንቀት የማታሳልፍበትን ነገር ነው እዚህ የምጽፈው።

አስቀድመው አደገኛውን ከሚያስጠላው ይለዩ

ሰው ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው በግድግዳው፣ በወለሉና በተቀደደው ወንበር ላይ ነው። ቆሻሻ ክፍል ያስጠላል፤ መጽዳትም አለበት። ነገር ግን በደም የሚተላለፍ በሽታ ከግድግዳ አይመጣም። ኤችአይቪ፣ ወይም ጉበትን የሚጎዱት ሄፓታይተስ ቢና ሄፓታይተስ ሲ እንዲይዝዎ የሌላ ሰው ደም ወደ ሰውነትዎ መግባት አለበት። ደም ሲሰጡ ደግሞ ቆዳዎን አልፎ የሚገባው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መርፌው። ስለዚህ የሚያዩት ነገር ቢበዛብዎ እንኳ ዓይንዎን ከመርፌው አያንሡ።

በዓለም ላይ በእርግጥ የደረሱትን አደጋዎች ብናይ መንገዱ ይኸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በፓኪስታን ሲንድ ግዛት፣ ራቶዴሮ በተባለች ከተማና አካባቢዋ፣ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኤችአይቪ ተገኘባቸው፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ምርመራው ያመለከተው ለአንዱ ያገለገለ መርፌና ሲሪንጅ ለሌላው መዋሉን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 መጨረሻ በካምቦዲያ ሮካ በተባለ መንደር የደረሰው ጉዳትም ተመሳሳይ ነው፤ ያለ ሕክምና ፈቃድ መርፌ ሲወጋ የኖረ ሰው መሣሪያውን ደጋግሞ በመጠቀሙ ከ200 በላይ ሰዎች ተያዙ። በሁለቱም ቦታ ሰውን የጎዳው የክፍሉ አቧራ አይደለም።

ቁጥሩንም ማወቅ ይረዳል። የኤችአይቪ ሕመምተኛ ደም ባለበት መርፌ የተወጋ ሰው፣ ምንም መከላከያ መድኃኒት ባይወስድ እንኳ፣ የመያዝ ዕድሉ በአማካይ ከ1000 ውስጥ 3 ያህል ነው። ለሄፓታይተስ ሲ ከ100 ውስጥ ከ2 በታች ነው። ክትባት ላልወሰደ ሰው ከሁሉም የሚከፋው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ከ100 ውስጥ ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች የተረጋገጠ ሕመምተኛ ደም ባለበት መርፌ ለተወጋ ሰው ናቸው። ከፊትዎ በተከፈተ አዲስ መርፌ ለተቀዳ ሰው አይሠሩም፤ በዚያ መርፌ ላይ የማንም ደም የለምና።

ሁለተኛው አደጋ ሌላ ዓይነት ነው። በቆዳችን ላይ ሁልጊዜ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ቆዳው በደንብ ሳይጸዳ ከተወጋ ከመርፌው ጋር ይገባሉ። ቦታው ሊያብጥ፣ ሊቀላ፣ አልፎ አልፎም መግል ሊቋጥር ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይታከማል። ሁለቱን አደጋዎች መለየት ያስፈልጋል፤ የሚጠበቁት የተለያየ ነገር በማየት ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳይወጡ

ክርንዎን በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። እጅጌው በቀላሉ ወደ ላይ የሚጠቀለል ልብስ ይልበሱ። የታዘዘልዎ የጾም ምርመራ ቢሆንም፣ ሐኪም ካልከለከለዎ በቀር፣ ንጹሕ ውኃ መጠጣት ይችላሉ፤ ቡና ግን ያለ ስኳርም ቢሆን ይቆይ። ውኃ የጠጣ ሰው ደም ሥሩ ቶሎ ይገኛል፤ ቶሎ የተገኘ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምሳሌ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ ለሚቀዳልዎ ሰው ይናገሩ። የሚሄዱበት ተቋም ፈቃድ ያለው ይሁን፤ የሥራ ፈቃዱ ሰው በሚያየው ቦታ መሰቀል አለበት።

አንዳንድ ቦታ ዕቃ ሲያልቅ «ሲሪንጅና ጓንት ከውጭ ገዝተው ይምጡ» ይባላል። ይህ ያሳዝናል፤ ለእርስዎ ግን መርፌውን ገና ሳይከፈት በእጅዎ ይዘው የማየት ዕድል ይሰጥዎታል። ከመድኃኒት ቤት ብቻ ይግዙ። ማሸጊያውን በብርሃን ላይ አዙረው ይመልከቱ፤ ያልተቀደደ፣ ያልረጠበ፣ ጠርዙ ያልተከፈተ መሆን አለበት። በላዩ ላይ 2 ቁጥር በክብ ውስጥ ሆና በሰያፍ መስመር ተሰርዛ ያያሉ፤ «ሁለተኛ ጊዜ አይጠቀሙበት» ማለት ነው። የፋብሪካ ሥዕል አጠገብ ያለው ቀን የተመረተበት፣ የአሸዋ ሰዓት ሥዕል አጠገብ ያለው ደግሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀኑ የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ካሰሉት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስልዎታል።

ደረጃ 2፦ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሚያዩት

ሁሉንም ለመቆጣጠር አይሞክሩ፤ ይደክምዎታል፤ የሚቀዳልዎንም ሰው ያስጨንቃሉ። በቅደም ተከተል አራት ነገር ይበቃዎታል።

መጀመሪያ እጁን ይመልከቱ። ባለሙያው ወደ እርስዎ ከመምጣቱ በፊት እጁን ታጥቧል ወይም በአልኮል አሽቷል? ከቀድሞው ታካሚ በኋላ ጓንቱን ቀይሯል? ብዙ ሰው ጓንት ካየ ይረጋጋል፤ ካላየ ይደነግጣል። ጓንት በዋናነት የሚጠብቀው ባለሙያውን ከእርስዎ ደም ነው። እኛ ማድረግ አለብን፤ ደንቡም ይህ ነው። ነገር ግን ከሦስት ታካሚ በፊት የተጠለቀ፣ ስልክ ያነሣ፣ በር የከፈተ ጓንት በሳሙና ከታጠበ ባዶ እጅ የባሰ ነው። ስለዚህ «ጓንት አለ ወይ?» ብቻ አይበሉ፤ «ለእኔ የተደረገ ጓንት ነው ወይ?» ብለው ያስቡ። የቀዳልዎ ሰው ጓንት ሳያደርግ ቢቀር፣ መርፌው አዲስ ከነበረና እጁ ላይ የሚደማ ቁስል ከሌለ፣ በደም የሚተላለፍ በሽታ ይዞኛል ብለው የሚሠጉበት ምክንያት የለም። ጥፋቱ ይነገራል፤ እርስዎ ግን ተኝተው ይደሩ።

ሁለተኛው መርፌው ነው። ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ደም በሁለት ዓይነት መሣሪያ ይቀዳል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ሲሪንጅ ነው፤ በወረቀትና በላስቲክ ማሸጊያ ውስጥ ይመጣል፤ ወረቀቱ ሲላጥ ይታያል። ሁለተኛው ቫኩም ባለው፣ ማለትም አየሩ ስለወጣለት ደሙን ራሱ በሚስብ ቱቦ የሚቀዳበት ነው። የዚህ መርፌ በሁለት ወገን ስለት አለው፤ የሚመጣው እርስ በርሱ በገጠመ ትንሽ የፕላስቲክ ቀፎ ተሸፍኖ ነው፤ ቀፎው መጋጠሚያ ላይ በቀጭን ወረቀት ታሽጓል። ባለሙያው ጠምዝዞ ሲከፍተው ወረቀቱ ይቀደድና ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያቺ ሴት የሰማችው ይህንን ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ የተቀደደ ከሆነ፣ ወይም መርፌው ያለ ቀፎ ተዘጋጅቶ ትሪ ላይ ተቀምጦ ከመጣ፣ ክንድዎን ይሰብስቡና አዲስ ይጠይቁ። ምናልባት አሁኑኑ ተከፍቶ ለእርስዎ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ሲበዛ አስቀድሞ ከፍቶ የመደርደር ልማድ ያላቸው አሉ፤ እኔም ጀማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ፤ አለቃዬ አንድ ቀን ትሪውን እንዳለ ያገለገለ መርፌ በሚጣልበት ሣጥን፣ በሴፍቲ ቦክሱ ውስጥ ደፋችብኝ። ልክ ነበረች። ታካሚው ሲከፈት ያላየውን መርፌ አዲስ ነው ብሎ የማመን ግዴታ የለበትም።

የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ ሁለተኛ ቦታ የሚወጋ ከሆነ መርፌው ይቀየራል። የወደቀ፣ ጠረጴዛ የነካ መርፌም እንዲሁ። ቱቦዎቹ ክዳናቸው ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ መሆኑ የምርመራውን ዓይነት የሚያሳይ ነው፤ ከንጽሕና ጋር ግንኙነት የለውም።

ሦስተኛው የቆዳው አጸዳድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው ቦታውን 70 በመቶ በሆነ አልኮል ለ30 ሰከንድ ያህል አሽቶ፣ ሌላ 30 ሰከንድ እንዲደርቅ መተው ነው። እውነቱን ለመናገር በብዙ ቦታ ሁለት ጊዜ ጠረግ ተደርጎ ወዲያው ይወጋል። ባክቴሪያውን የሚገድለው አልኮሉ ቆዳው ላይ የሚቆይበትና የሚደርቅበት ጊዜ ነው፤ እርጥብ ሳለ መውጋት ደግሞ ያቃጥላል። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ እፍ የሚል ካለ በትሕትና ያስቁሙት፤ የአፍ ባክቴሪያ በተጠረገው ቦታ ላይ ይረጫል። ከተጠረገ በኋላ ደም ሥሩን በጣት መልሶ መዳበስም ጽዳቱን ያፈርሰዋል፤ እንደገና መጠረግ አለበት።

ጥጡን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ በአልኮል የተነከረ ጥጥ የሞላበት ብልቃጥ አለ፤ ጠዋት ይሞላል፤ ቀኑን ሙሉ የሁሉም ጣት ይገባበታል። ጨዋና ንጹሕ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ጥጥን አስቀድሞ ነክሮ በዕቃ ማስቀመጥን ይከለክላል፤ ከእጅና ከአካባቢው የሚገባ ባክቴሪያ ይከማችበታልና። ደረቅ ጥጥ ወስዶ አልኮሉን በዚያው ሰዓት ማፍሰስ፣ ወይም አንድ አንድ ሆኖ የታሸገ የአልኮል መጥረጊያ መጠቀም ይሻላል። የክንድ ማሰሪያው ጎማም ለብዙ ሰው የሚያገለግል ስለሆነ ባክቴሪያ ይሸከማል፤ ደም ካለበት አይታሰርብዎ፤ ሌላ ይምጣ።

አራተኛው ሴፍቲ ቦክሱ ነው። መርፌው ከክንድዎ ሲወጣ በቀጥታ የሚጣልበት፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነ ጠንካራ ካርቶን በባለሙያው እጅ ሥር መኖር አለበት። ሞልቶ መርፌዎች ከአፉ ወጥተው ከታዩ፣ ወይም ያገለገሉ መርፌዎች ጠረጴዛ ላይ ከአዲሶቹ ጎን ተጋድመው ካዩ፣ ያ ክፍል አዲሱንና አሮጌውን ሊያቀላቅል የሚችል ክፍል ነው። ከግድግዳው አቧራ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። ሣጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ይነሣል።

ደረጃ 3፦ ምን ብለው ይናገሩ

ብዙ ሰው ሁሉን አይቶ ዝም ይላል። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «ቅር ይላቸዋል፤ ሆን ብለው ያሳምሙኛል» ብሎ ይፈራል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሲጨነቅ ያድራል። የመናገሪያው ጊዜ መርፌው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ጸጸት ብቻ ይሆናል።

ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜ የሰማሁትን ልንገርዎ። «እናንተ እኮ መርፌ ትደግማላችሁ ይባላል» ያለኝ ሰው ልቤን ያቆስለዋል፤ እከራከረዋለሁ። «ወንድሜ፣ መርፌ ስለምፈራ ሲከፈት ካላየሁ እጨነቃለሁ፤ ፊቴ ይክፈቱልኝ» ያለኝን ሰው ግን ደስ ብሎኝ አሳየዋለሁ። ጭንቀቱን ወደ ራስዎ አድርገው ይናገሩ። የሚከተሉት ይበቃሉ፦

«እባክዎ መርፌውን እያየሁ ይክፈቱልኝ።»

«ሳላስቸግርዎ ጓንቱን ይቀይሩልኝ፤ ስልክ ነክተውበታል።»

«እህቴ፣ አልኮሉ ትንሽ ይድረቅ፤ አልቸኩልም።»

አባት ወይም እናት ይዘው የሄዱ ከሆነ እርስዎ ይናገሩላቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ነጭ ጋዋን ፊት ቅሬታ መናገር ነውር ይመስላቸዋል። ልጅ ይዘው ከሆነ በአንድ እጅ ልጁን አቅፈው ዓይንዎን ግን መርፌው ላይ ያድርጉ፤ ልጁ ሲያለቅስ ሁሉም ሰው የሚያየው ልጁን ነውና።

እምቢ ቢሉዎስ? መነሣት ይችላሉ። «ይቅርታ፣ ዛሬ አልሰጥም፤ ኃላፊውን ላነጋግር» ብለው ይነሡ። አጣዳፊ ካልሆነ በቀር የደም ምርመራ አንድ ቀን ቢቆይ የሚያመጣው ጉዳት የለም።

ጣት ተወግቶ ለሚወሰድ ደም

ለስኳር፣ ለወባና ለኤችአይቪ ፈጣን ምርመራ ጣት ይወጋል። እዚህ የሚጠቀሙበት ትንሽ መርፌ ላንሴት ይባላል፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክዳኑ ፊትዎ ተጠምዝዞ ይወልቅ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው እንደ እስክሪብቶ የሚመስለው መውጊያ ነው። ከስኳር መለኪያው ጋር አብሮ የሚሸጠው ይህ መውጊያ ላንሴቱ ቢቀየርም እንኳ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ ዓይን የማያየው ደም ይቀራል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ በዚህ መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል።

ይህ በቀጥታ ወደ ቤታችን ይገባል። እናት ስኳር አለባት፤ መለኪያ ተገዝቶላታል፤ እሑድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ «እስቲ የእኔንም ለኩልኝ» ይባላል፤ አጎት፣ ጎረቤት፣ ልጅ በተራ ጣቱን ይዘረጋል። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ አደጋውም ከብዙ ክሊኒክ ይበልጣል። የእናት መውጊያ የእናት ብቻ ይሁን። ሌላው ሰው መለካት ካለበት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ፣ ከወጋ በኋላ ራሱን የሚቆልፍ ላንሴት ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ መለኪያው ላይ ደም ካረፈ ለሌላ ሰው ከመዋሉ በፊት አምራቹ በሚያዝዘው መንገድ ይጸዳል። ያገለገለ ላንሴት በክዳኑ በጥብቅ በሚዘጋ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ይጠራቀም፤ ቆሻሻ በሚያነሡ ሰዎች እጅ ላይ እንዳይሰካ። በአደባባይ ላይ ነጻ የስኳር ምርመራ ሲደረግም መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ደረጃ 4፦ ከተቀዱ በኋላ

ጥጡን ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ክንድዎን ዘርግተው ይጫኑ። ክርን ማጠፍ ልማድ ሆኗል፤ ግን ደም ከቆዳ ሥር እንዲፈስና እንዲበልዝ ያደርጋል። አይሹት። በዚያ ክንድ ለጥቂት ሰዓት ጀሪካን አያንሡ። ደሙ አልቆም ቢል እንኳ የቡና ዱቄት አይነስንሱበት፤ ንጹሕ ጥጥ አድርገው መጫን ይበቃል።

በማግስቱ ቦታው ሰማያዊ ቢሆን አይደንግጡ። ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው፤ በሳምንት ውስጥ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ተለውጦ ይጠፋል። ኢንፌክሽን ሌላ መልክ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ቦታው እየቀላ ይሰፋል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል። መግል፣ ወደ ላይኛው ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ከብበው ሰዓቱን አጠገቡ ቢጽፉ፣ ከተከበበው መስመር መውጣት አለመውጣቱን ለሐኪሙ በቀላሉ ያሳያሉ። በቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ግን አይዋጡ።

ደረጃ 5፦ በእርግጥ የሆነ ነገር ከተፈጠረ

መርፌው ለሌላ ሰው ያገለገለ መሆኑን ካወቁ ወይም የሚያጠራጥር በቂ ምክንያት ካለዎ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ የተጣለ መርፌ ከወጋዎ፣ የሚያጡት ጊዜ የለም። ቦታውን በሚፈስስ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ። ደሙ ይውጣ ብለው አይጭመቁት፤ በረኪና አያፍስሱበት።

ከዚያ በዚያው ሰዓት የኤችአይቪ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። «እስቲ ነገ ልጠይቅ» አይበሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ባለሙያው ጉዳዩን መርምሮ አያስፈልግም ቢልዎ እንኳ ቢያንስ ተመዝኖ የተሰጠ መልስ ይዘው ይመለሳሉ። በዚያው ቀን የመነሻ ምርመራ ይደረግልዎታል፤ ይህ የሚያሳየው ከአደጋው በፊት የነበረዎን ሁኔታ ነው። አዲስ የገባ ቫይረስ ወዲያው አይታይም፤ ለኤችአይቪ ምርመራው በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይደገማል። በየሦስት ቀኑ መመርመር ጭንቀትን ያበዛል እንጂ የሚገልጠው አዲስ ነገር የለም።

ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ያልተከተበ ሰው ክትባቱን በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀምር ይመከራል። በአገራችን ይህ ቫይረስ ከኤችአይቪ ይልቅ በእጅጉ በብዙ ሰው ደም ውስጥ ይገኛል። ሆኖም «የወፍ በሽታ» ብለን ስለምናልፈው እንደ ኤችአይቪ አንፈራውም። ለሕፃናት በመደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው አልተከተበም። ደም ደጋግመው የሚሰጡ ከሆነ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ፣ አደጋ ሳይጠብቁ ተመርምረው ይከተቡ። ሦስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር።

ቅሬታውን ወደ የት

የሆነውን በዚያው ቀን በወረቀት ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍሉን፣ ያዩትን ብቻ። «ቆሻሻ ነው» የሚል ቃል ማንንም አያንቀሳቅስም። «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ደም መቅጃ ክፍል፣ ሴፍቲ ቦክሱ ሞልቶ መርፌ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር» የሚል ግን ሊታለፍ አይችልም። መጀመሪያ ለላቦራቶሪ ኃላፊው ይስጡ፤ ካልሰማ ለተቋሙ የኢንፌክሽን መከላከልና ቁጥጥር ኮሚቴ፤ ካልሆነም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለክልሉ ጤና ቢሮ። እኛ የምንሠራበት ክፍል ውስጥ ነክረን የምናስቀምጠው ጥጥ የቀረው አንድ ጡረታ የወጡ አባት በአስተያየት መስጫ ሳጥን ባስገቡት አራት መስመር ማስታወሻ ነው።

ያቺን ሴት ጥጡን ወስጄ በተገቢው ቦታ ጣልሁላት። ጥጥ ምንም እንደማይናገር፣ መርፌው ግን ሁሉን እንደተናገረ ነገርኋት። ሄፓታይተስ ቢ ተከትባ እንደሆነ ስጠይቃት አልተከተበችም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ተመርምራ ነጻ መሆኗ ሲታወቅ የመጀመሪያውን ወሰደች። በስድስተኛው ወር ለሦስተኛው ስትመጣ እናቷን ይዛ ነበር። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «ለእማዬም ይከፈት፤ መርፌዋንም ፊቷ ይክፈቱላት» አለችኝ።